የጋሼ ሃድጉ መጋዝ አይቸኩልም

በየሰፈሩ አንድ «ቆይ» ባይ አለ። እኛ ሰፈር የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። ታክሲው ሞልቶ ሊነሳ ሲል «ቆይ፣ በሩ በደንብ ተዘግቷል?» የሚለው እሱ ነው። ሠርግ ቤት ድንኳን ከተተከለ በኋላ ካስማውን እየዞረ የሚነቀንቀውም እሱ ነው። አገር የሚጓተተው በእነዚህ ሰዎች ነው ብዬ ስንት ዓመት ተከራክሬያለሁ! የእኛ የካዛንቺሶቹ ተወካይ ክቡር ጋሼ ሃድጉ ናቸው፤ የብረት ሥራ ባለሙያ፣ የሁለት ሞርሳዎች ጌታ፣ የ«ቆይማ» ባላባት።

ላጤ ሆኖ የብረት አልጋ ያዘዛቸው ጎረቤታችን፣ አልጋው ሲደርስለት ሁለት ልጅ ወልዶ ነበር። ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። «አልጋው እስካሁን ሲጢጥ ብሏል?» ብለው ጠየቁኝ። አላለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ተከራክረህ አትረታውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እናቴን፣ ወይዘሮ ጦቢያን፣ ስኳር ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወሰደባት። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታ ሐሙስ ዕለት ልትወጣ ሆነ። የግቢያችን በር ላይ ደግሞ ሁለት ደረጃ አለ። «አይዞሽ፣ እኔና መርጋ ከነዊልቸርሽ ተሸክመን እናስገባሻለን» አልኳት። መርጋ የታክሲ ተራ አስከባሪ ጓደኛዬ ነው፤ ትከሻው በር ያህላል። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ስሞት ትሸከሙኛላችሁ። እስከዚያ በገዛ በሬ በራሴ እገባለሁ» አለች። እሷ እንዲህ ካለች በቃ፣ አለቀ።

ስለዚህ ደረጃው ላይ የሚጋደም፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ብረት አስፈለገኝ። ጋሼ ሃድጉ ጋ ሄድኩ። «ቆይማ፣ መጀመሪያ መጥቼ በሩን ራሴ ልለካ» አሉ። እሳቸው ለክተው እስኪጨርሱ እናቴ ሌላ እግር ታበቅላለች ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ራሴ ለካሁ፣ ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ፈጣን ወርክሾፕ ሄድኩ፣ በአንድ ቀን ተሠርቶ ተሰጠኝ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ላስቀምጠው ብል በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል አልገባ አለ። አራት ጣት ይተርፋል! ምሰሶዎቹ ታች ሲደርሱ ይወፍራሉ፤ እኔ ደግሞ ጎንበስ ማለት ሰንፌ ቆሜ ነበር የለካሁት።

እናቴ የምትደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ሆኗል። መብራት ጠፍቷል። እኔና መርጋ ብረቱን ተሸክመን፣ እፍረታችንን ተከናንበን ጋሼ ሃድጉ ደጅ ደረስን።

አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ብረቱን ገልብጠው አዩ። «እግሮቹ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፤ ጠርዙን ብቻ እንቆርጣለን። በባትሪ የሚሠራ ክብ መጋዝ አለኝ።»

«በሉ ይቁረጡታ!»

«ቆይማ።»

ካዛንቺስ ብረት ሲቆረጥ ያየ መንገደኛ ሁሉ ጫፉን መያዝ ግዴታው ይመስለዋል። አምስት ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ በእጁ፣ ሌላው በጉልበቱ ተጫነው። መርጋ በነጠላ ጫማ ወጥቶ ቆመበት።

«ውረድ!» አሉ ጋሼ ሃድጉ። «ብረት የሚይዘው ሞርሳ ነው እንጂ የሰው እግር አይደለም። የሚቆረጠው ወገን ደግሞ ሳይደገፍ በራሱ ይውደቅ፤ ከታች ከደገፋችሁት መጋዙን ነክሶ ይይዘውና ወደ እኔ ያስፈነጥረዋል።» ሞርሳዎቹን አንድ በአንድ አጠበቁ። ከዚያ ከሹራቤ ኮፍያ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አይተው፣ መጋዙ እንዳይጎትተው ሹራቤን አስወለቁኝ። ከብረቱ አጠገብ የቆመውን ሞተር ሳይክል በፍንጣሪው ምክንያት አስነሱት። የመርጋን ጥቁር መነጽር ከዓይኑ ላይ አንስተው «ይሄ ለሠርግ ነው» አሉና ደህና መከላከያ መነጽር ሊያመጡለት ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰባት ከአርባ! ደሜ ፈላ። መጋዙ እዚያው ተቀምጧል፣ ምልክቱ ተሰምሯል፣ ምን ቀረ? ብድግ አድርጌ መስመሩ ላይ አሳረፍኩና ማስነሻውን ጨበጥኩ። ዝም። ደግሜ ጨበጥኩ። ዝም።

«ባትሪው እኔ ኪስ ነው» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም እኮ!

ወጥተው መጋዙን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ዲስኩን እያት። የእንጨት ናት፤ ትናንት በር ቆርጬባታለሁ። ይህን ጥርስ ላሜራ ላይ ብታስነካው ተነቅሎ የት እንደሚገባ አላውቅም። ዲስክ ስቀይር መጀመሪያ ባትሪ አወጣለሁ፤ ሳወጣም ኪሴ እከታለሁ። እንደ አንተ ያለ ሰው በየቀኑ ይመጣላ።» ሰዉ ሳቀብኝ። ይሳቅብኝ፣ ይገባኛል።

የብረት ዲስክ ገጠሙ። መሸፈኛው በራሱ ተመልሶ እንደሚዘጋ በእጃቸው ገፋ አድርገው ሞከሩ፣ ባትሪውን ከተቱ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አደረጉ። በመጋዙ ፊትና ኋላ ማንም እንዳይቆም ወደ ጎን ገለል አደረጉን። መጋዙ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ ጠበቁና ብረቱን አስነኩት። አልገፉትም፤ በራሱ ልክ እንዲሄድ ተዉት። ቁራጩ ሲወድቅም ዲስኩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም መጋዙን መሬት አላስቀመጡም።

ብረቱን በሩ ላይ ስናጋድመው ልክክ አለ። በዚያው ቅጽበት እናቴን የያዘው መኪና ደረሰ፤ ዘጠኝ ሰዓት። እናቴን ዊልቸሯ ላይ አስቀመጥናት። እጇ ጎማው ላይ ነው፣ ዓይኗ በሩ ላይ።

«እትዬ ጦቢያ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ጠርዙ ስለት ነው» አሉ ጋሼ ሃድጉ፣ ሞረዳቸውን እየመዘዙ።

«ኧረ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ከሆስፒታል የወጣች ሴት ፀሐይ ላይ ያቆማሉ?»

«አንተ ዝም በል!» አለች እናቴ። «ሁለት ወር ተኝቼ አሥር ደቂቃ ታቅተኛለች? ይሥራበት።»

ተንበርክከው ሞረዱ። ከዚያ ማግኔት አምጥተው ብረቱንም አስፋልቱንም ዳበሱት፤ ፀጉር የምታክል ስንጥር ሁሉ ለቀሙ። አሁን ደግሞ ምን እየፈለጉ ነው ብዬ ልፈነዳ ስል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ስንጥሩ ጎማው ላይ ይሰካል። ጎማውን የምትገፋው በእጇ ነው እኮ» አሉኝ።

ስለ በሩ አስቤያለሁ፣ ስለ ሰዓቱ አስቤያለሁ፣ ስለ እናቴ መዳፍ ግን አላሰብኩም። ይህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ስንት ዓመት ሳማቸው ኖሬ ዛሬ በአደባባይ እናገራለሁ፣ እወዳቸዋለሁ።

እናቴ ጎማውን ጨበጠች። ሊገፋት እጁ ያላሳከከው ሰው አልነበረም፤ ማንም ግን አልደፈረም። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ጥርሷን ነክሳ ደገመችው። ገባች። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። እሷ ግን ዞራ ቁልቁል ወረደችና እንደገና ወጣች።

«መውጣትም መግባትም ከቻልኩማ» አለች ላቧን እየጠረገች፣ «እሑድ ኡራኤል እሳለማለሁ። በራሴ።»

አለቀስኩ፤ አላፍርም። ጋሼ ሃድጉ ጠጋ ብለው የዊልቸሩን ፍሬን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርገው አዩት። ሦስተኛ እንዲያዩት የለመንኳቸው እኔ ነኝ።