ማስተር ዝም ያሉባቸው ዘጠኝ ቀናት

አገር እንዴት መመራት እንዳለበት ቀኑን ሙሉ የሚሟገት ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ፤ ቤቴን ሸጬ ነገውኑ እገባበታለሁ። አታሳዩኝም። የለማ! ሻይ የሚፈላበት ቦታ ሁሉ፣ ከሻዩ አጠገብ ተቀምጦ መንግሥት የሚያፈርስና የሚገነባ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ሰፈር ዕድለኛ ነው፤ የሱ ተሟጋች አመሻሹ ላይ ይደክመዋል። የኛ የኮዶምቶላ ገበያው ግን ድካም የሚባል ነገር አያውቁም።

እኝህ ክቡር ሰው ሞታሌብ ማስተር ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔን ጨምሮ የገበያውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ፣ በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ፤ ልጃቸው ዳካ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ አንድ ቃል የሚመልስላቸው ሰው የለም። ያላቸው ነገር አፋቸውና የጆይናል ሻይ ቤት አግዳሚ ብቻ ነው። ይህን ካላወቃችሁ የሚከተለው ሁሉ ቀልድ ይመስላችኋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከእጃቸው የማትለየውን ጃንጥላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ገና ሳይቀመጡ፣ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ ነጥብ!» ይላሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ጆይናል ምስኪኑ፣ ከግድግዳው ላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ማስተር የሚቀመጡት ልክ ከሰሌዳው ሥር ነው። «ይሄ ክልከላ ራሱ ፖለቲካ ነው» ብለው ስለዚያው ሰሌዳ ሁለት ሰዓት ተናግረዋል።

አንድ ጊዜ ሪክሾ ተሳፍረው ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ ከነጂው ጋር ነገር ጀመሩ። ጣቢያው ደረሰ፤ ነገሩ አላለቀም። «ንዳው!» አሉት። ባቡሩ አመለጣቸው፤ ነጂውና እሳቸው ግን ድልድዩን ተሻግረው፣ ሩዝ ማሳው መሀል ሪክሾዋን አቁመው ሲጨቃጨቁ ተገኙ። ጥርስ ሊያስነቅሉ የሄዱ ዕለትማ አይወራም። ሐኪሙ አፋቸውን በብረት ከፍቶ፣ «ኢስላማዊ መንግሥት ቢኖር እኮ ሙስና ይጠፋ ነበር» ብሎ ለጨዋታ ያህል ጣል አደረገ። ወይ ጉድ! ማስተር አፋቸው እንደተከፈተ፣ በአመልካች ጣታቸው አየር ላይ እየጻፉ መልስ ሰጡት። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ጤነኛውን ጥርስ ነቀለ ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

እኔ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለኝ። ለዓመታት ሲመጡ ባየሁ ቁጥር ጋዜጣ ፊቴ ላይ እዘረጋለሁ። «ዳክታር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ «ሥራ በዝቶብኛል ማስተር» እላለሁ። ፋርማሲስት እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ ገበያው ግን ዳክታር ብሎ ሾሞኛል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዴም ከማንም ወገን አልቆምኩም። በዚህም እኮራ ነበር።

እንግዲህ ለማስተር አላህ አንድ ሰው ፈጥሮላቸዋል፦ ልብስ ሰፊው ኪብሪያ። «አንቱ ካልከኝ ሱሪህን አላሳጥርልህም» ስለሚለኝ አንተ እለዋለሁ እንጂ የማስተር እኩያ ነው፤ በአንድ ኩሬ እየዋኙ ያደጉ ናቸው። ኪብሪያ ሸሪዓ ካልመጣ አገር አይድንም ባይ ነው። ማስተር አይምጣ ባይ። አዛን ሲል ግን ማስተር ዓረፍተ ነገራቸውን አንጠልጥለው ወደ መስጊድ ይሮጣሉ፤ ከፊተኛው ረድፍ ጠፍተው አያውቁም። ሸሪዓ ናፋቂው ኪብሪያ ደግሞ ሻዩን ጨርሶ፣ ሳምቡሳውን ጨርሶ፣ ጣቱን ልሶ፣ ኢማሙ ሶላቱን ጨርሶ ሊያሰላምት ሲል ይደርሳል።

«አታፍርም?» አሉት አንድ ቀን ማስተር። «ሸሪዓ ቢመጣ እኮ መጀመሪያ የምትገረፈው አንተ ነህ!»

«እሱን አይደል የምልህ!» አለ ኪብሪያ። «አንተ ሳትጠራ ትሄዳለህ፤ ላንተ መንግሥት ምን ያደርግልሃል? ገፊ የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ፣ ሰነፉ!»

ማስተር እንዲህ ያለ መልስ ሲሰሙ ጠረጴዛ ይመታሉ። ባለፈው ምርጫ ሰሞን አንድ ጠዋት ሲመቱ አራት ብርጭቆ ወደቀ። ጆይናል ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«በቃ!» አለ። «በዳኛ ፊት ተሟገቱና ይለይላችሁ! የተሸነፈ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ አንድ ዓመት ስለ መንግሥት ቃል አይተነፍስ!»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ኪብሪያ ግን ብድግ ብሎ «ወላሂ እቀበላለሁ!» አለ። ማስተርም «ወላሂ!» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ትንሽ ሲለወጥ አየሁ። አንድ ዓመት! እኝህ ሰው አንድ ዓመት ዝም ብለው ምን ሊሆኑ ነው?

ሙግቱ ለጁምዓ፣ ከአስር፣ ማለትም ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተቆረጠ። ዳኛዋ የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ገበያው ሁሉ አፓ፣ ታላቅ እህት፣ የሚላቸው ሳሌሃ አፓ ሆኑ፤ ሁለቱም የሚፈሯቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸዋ። ምን ልበላችሁ፣ ገበያው አበደ! የሠርግ ድንኳን ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያ መጣ፤ ሽምብራ የሚቆላው ከነምድጃው ገባ። ዓሣ ነጋዴዎች ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ፤ ልጆች ማንጎ ዛፍ ላይ ወጡ። እኔ ወገን የሌለኝ ነኝ ተብዬ ከማስተር አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የሰዓት ተቆጣጣሪነት ተሰጠኝ።

ማስተር ጀመሩ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን ዘይት ቀብተው፣ አቤት ሲያምሩ!

«እኔ የምሰግደው አላህን ፈርቼ ነው» አሉ። «ነገ ፖሊስ በዱላ እየነዳ መስጊድ ቢያስገባኝ፣ የሰገድኩት ለማን ነው? ለፖሊሱ ነው! ሃይማኖቴን ለሚኒስትር አደራ አልሰጥም። ዛሬ ድልድይ የሰረቀ ሚኒስትር ነገ ጥምጣም አድርጎ ቢሰርቅ ማን ይናገረዋል? የተናገረው ሁሉ ካፊር ይባላላ! ደግሞስ ያ የጣፋጭ ቤቱ ኒርማል፣ ሂንዱው ጎረቤታችን፣ በየትኛው ሕግ ሊዳኝ ነው?»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ኒርማል አንገቱን ደፋ፤ ሰው ሁሉ እሱን ያይ ነበር።

ኪብሪያ ተነሳ። «ኒርማልን ማስተር ሳሄብ ካነሱት አይቀር» አለ። እርስዎ ማለት ጀምሯል፤ እርስዎ ካለ ተናዷል ማለት ነው። «የኒርማልን አባት መሬት የቀሙት ሰዎች በእርስዎ ሕግ መቼ ተፈረደባቸው? ዳኛው ከሳሹንም ተከሳሹንም በልቶ ተኛ! ሕግ ሞልቷል፤ የጠፋው ሰማይን የሚፈራ ሹም ነው!»

ከኋላ ዓሣ ነጋዴዎቹ ጮኹ። ኪብሪያ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ሁለት መቶ ጊዜ ያወራትን፣ የሚያሸንፍባትን ታሪክ ሊያመጣ ነው።

«አንድ ቀን ኸሊፋው ረጅም ልብስ ለብሰው የመስጊዱ መድረክ፣ ሚንበሩ ላይ ወጡ። ለሕዝቡ አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ታድሏል። ከሕዝቡ መሀል አንድ ተራ ሰው ተነሳና... ተነሳና...»

ጠፋበት። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ድምፅ ማጉያ፣ በቃ፣ አእምሮው ባዶ ሆነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል የለም። ዛፍ ላይ ያሉት ልጆች መሳቅ ጀመሩ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ሰኮንድ ቀርቶታል። አርባ ሰኮንድ ዝም ቢል ማስተር አሸንፈዋል፤ ዓመቱን ሙሉ አግዳሚው የሳቸው ነው።

ማስተርን ዞር ብዬ አየኋቸው። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ላብ አጥምቋቸዋል። ጉልበታቸውን እየመቱ «አይ ኪብሪያ፣ አይ ኪብሪያ» ይላሉ። ከዚያ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ከኔና ከኪብሪያ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «አልሰማህም አለ! የልጁ ድርሻ!» ብለው አንሾካሾኩ።

ኪብሪያ በራ! «ተነሳና፣ አልሰማህም፣ አልታዘዝህም አለ! የሁላችን ድርሻ አንዳንድ ቁራጭ ሆኖ ያንተ እንዴት ረጅም ልብስ ወጣው? አለ። ኸሊፋው ሰውየውን አሳሰሩት? አላሳሰሩትም! ልጃቸውን ጠሩ፤ ልጁም ድርሻዬን ለአባቴ ሰጥቼ ነው ብሎ መሰከረ። እስቲ ዛሬ አንዱን ሚኒስትር ኮትህን ከየት አመጣኸው በሉት!»

ድንኳኑ ሊወድቅ ደረሰ። ሳሌሃ አፓ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ሁለቱም ጥሩ ተናግረዋል፣ ግን በመጨረሻው ታሪክ ኪብሪያ በልጧል ብለው ፈረዱ። ማስተር ተነስተው ኪብሪያን አቀፉት፤ ጃንጥላቸውን አነሱ፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ከማግስቱ ጀምሮ ያየነውን ለጠላቴም አልመኘውም። ማስተር ይመጣሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ኪብሪያ የመጀመሪያውን ቀን ደረቱን ነፍቶ፣ «ሸሪዓ ካልመጣ አገር አይድንም!» አለ። ዝም። በሦስተኛው ቀን ጮክ ብሎ ደገመው። ዝም። በአምስተኛው ቀን ፊታቸው ተደቅኖ፣ «ማስተር፣ ቢያንስ ተበሳጭ እንጂ!» አላቸው። ማስተር ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ። በስድስተኛው ቀን ጆይናል ያንን ሰሌዳ ከግድግዳው አውርዶ ከማገዶው ጋር አስቀመጠው። ምንም አልተለወጠም።

በስምንተኛው ቀን ምሽት በማስተር ደጅ ሳልፍ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ሰው መጣላቸው ብዬ ደስ አለኝ። በመስኮት ብመለከት ሬዲዮ ነው፤ እሳቸው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጣታቸውን ያወዛውዛሉ፣ አፋቸው ግን ዝግ ነው። መሐላው የአግዳሚው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ቤታቸውም ይዘውት ገብተዋል። ሃያ ዓመት ጋዜጣ የዘረጋሁባቸው ሰው ናቸው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ እኔም ጋዜጣዬን ይዤ ጆይናል ዘንድ ሻይ ልጠጣ በገባሁበት፣ ኪብሪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። አልተቀመጠም።

«ስሙ!» አለ። «እኔ አላሸነፍኩም። ታሪኩ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ያቀበለኝ ማስተር ነው። ያሸነፈው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዝም የምለው እኔ ነኝ፣ አለቀ!»

ጆይናል የያዘው ብርጭቆ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ውሸት!» ማስተር ብድግ አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ግን ድምፃቸው ነው! «ታሪኩ ያንተ ነው! ሁለት ቃል አቀበልኩህ እንበል፣ የኔ ይሆናል? አሸንፈሃል!»

«አላሸነፍኩም!»

«አሸንፈሃል አልኩህ፣ ደረቅ!»

«ማስተር፣ ተናገርክ እኮ! መሐላህን አፈረስክ!»

«የማልኩት ስለ መንግሥት ላልናገር ነው! ይሄ ስለ ፍትህ ነው!»

«ፍትህ ከመንግሥት ውጭ የት አለ?» አለ ኪብሪያ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ከፈጣሪ ፍርሃት ውጭስ የት አለ?»

«ይኸው መጣህ! ይኸው መጣህ! ፍርሃት ፍትህ ከሆነ...» ማስተር ድንገት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለቱም ተፋጠጡ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ዳክታር» አሉ ማስተር። «አንተ አጠገቤ ነበርክ። እውነቱን ተናገር፤ አንሾካሽኬያለሁ?»

ሰማሁ ብል ኪብሪያ ዓመቱን ሙሉ ዝም ሊል ነው። አልሰማሁም ብል እሳቸው። ጋዜጣዬን አጥፌ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

«ሰምቻለሁ!» አልኩ፤ ጮህኩ ማለት ይሻላል። «ስለዚህ ፍርዱ ፈርሷል! ፍርዱ ከፈረሰ ሙግቱ አልተደረገም፤ ሙግቱ ካልተደረገ ተሸናፊ የለም፤ መሐላውም አብሮ ፈርሷል! ሁለታችሁም ተናገሩ!»

«አንተ ስለ ሕግ ምን ታውቃለህ!» አሉኝ፣ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ የተስማሙበትም የኔ ደንቆሮነት ነው። ኪብሪያ በግራ በኩል መሐላ እንዴት እንደሚፈርስ ከሸሪዓ ያስረዳኛል፤ ማስተር በቀኝ በኩል ከሕገ መንግሥቱ። እኔም እመልሳለሁ! ዕውቀቱ የለኝም፣ ግን እመልሳለሁ። መድኃኒት ቤቴ በር ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ልሄድ ስል ማስተር እጅጌዬን ያዙኝ፤ እጃቸው ትኩስ ነበር።

«የት ልትሄድ? ቁጭ በል፣ ገና መጀመሬ ነው።»

ቁጭ አልኩ።