ነጠላ አዘቅዝቀን የጠየቅናቸው እትዬ አስካለ

በእኛ በመንዝ በሽተኛ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ አጠያየቁን ግን ያስተማረን የለም። ገብተን አይዞሽ እንላለን፤ ቀጥለን በዚያው በሽታ እነማን እንደሞቱ እየተቀባበልን እናወራለን። ጠያቂው ቀሎት ይሄዳል፣ በሽተኛው ሸክሙን ተረክቦ ይቀራል። እናንተ አገርስ እንዴት ነው? እንደው ለመጠየቅ ያህል ነው።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ እንቅርት ነበረባቸው። ለዓመታት በነጠላቸው ሸፍነው ኖሩ። በስተርጅና ግን ወደ ውስጥ አድጎ ጉሮሯቸውን ያዘና ጋደም ማለት አቃታቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ማንጎላጀት ሆነ እንቅልፋቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ካልወጣ ትንፋሽ ያሳጣዎታል አለቻቸው፤ መንደርተኛው ደግሞ ቢላዋው ድምፅ ይወስዳል አላቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

ከሞላሌ በአውቶቡስ ወስደን ሆስፒታል አስተኛናቸው፤ አስታማሚ ሆኜ እኔ ቀረሁ። ቀዶ ጥገናው ሊሠራላቸው በነበረበት ጠዋት የሰፈራችን ሴቶች መጡ። በመንገዳቸው ለቅሶ ደርሰው ኖሮ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ክፍሉን ሞሉት። እትዬ አስካለ ጥለቱ አንገታችሁ ላይ ምን ይሠራል እንደማለት አዩዋቸውና፣

«ምነው፣ ሳልሞት ቀበራችሁኝ እንዴ?» አሉ።

ደም ግፊታቸው አሻቀበ። ሐኪሙ ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ግፊት አልነካቸውም፣ ካልወረደ ወደ ቤት ይመለሱ አለ። ወደ ቤት ማለት ታፍኖ መሞት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ያኔ ሲስተር የሚሏት ነርስ ገባች። ትቆጣናለች ብዬ ስጠብቅ ሴቶቹን፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፣ እስቲ ውጪ ፀሐይ ሙቁ» ብላ በክብር ሸኘቻቸው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ደህና በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ጎንበስ አለች። አይዞዎት አላለችም። ልብ በሉ፣ አይዞህ የምንለው የምንናገረው ሲጠፋን ነው።

«እማማ፣ የፈሩት ምኑን ነው?»

«ሞቱንማ በዕድሜዬ ለምጄዋለሁ። ድዳ ሆኜ መመለሱን ነው።»

«አልዋሽዎትም፣ አልፎ አልፎ ድምፅ ይጎዳል። ሐኪሙ ግን ተጠንቅቆ ነው የሚሠራው። ሲነቁ አጠገብዎ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ስምዎን እጠይቅዎታለሁ። ይሻክርዎታል፤ አይደንግጡ።»

እግራቸውን ዳሰሰች፤ ውርጭ ነው። የበግ ጠጉር ባናዬን ከትከሻዬ ተቀብላ ጠቀለለችላቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ጨዋታ ያውቃሉ?»

እኔን ነው እንግዲህ!

«የሰፈራችሁን ነገር ያጫውቷቸው። የሞተ ሰው ብቻ አይግባበት።»

እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ከሰፈራችን ወሬ ላይ ሙታን ሲነሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንደምንም ብዬ፣ አያ ደምሴ ከጓሳ ሣር አጭደው ሲመለሱ በጭጋጉ የሰው አህያ ጭነው፣ አህያውም ሣሩን ወስዶ በገዛ ጌታው ደጅ እንዳራገፈው ጀመርኩ።

«ድሮም ከደምሴ አህያው ይሻላል» አሉ እትዬ አስካለ፤ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር እጃቸውን እንደያዘች ናት። ቆይታ ደግማ ለካች፤ ሐኪሙን ጠራች፤ እሱም አይቶ ይግቡ አለ። እኔ ተአምር ከጠበል ብቻ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ከሰው እጅ ሲፈልቅ አየሁ።

ሲነቁ እንዳለችውም አጠገባቸው ነበረች።

«ስምዎን ማን ልበል?»

አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። እሷ አልቸኮለችም፤ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አራሰችና ጠበቀች።

«አስካለ» አሉ፣ ወፍጮ በሚመስል ድምፅ።

እልል ልል ስል ሲስተር ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። በማግስቱ ደግፋ አራመደቻቸው። እኛ በሽተኛ ባና በባና ላይ ደርበን እናስተኛለን እንጂ መች እናስነሳለን? ሴቶቹ፣ «ገና ቁስሉ ሳይደርቅ!» ብለው ቢያጉረመርሙ፣ «ብዙ መተኛት ለአረጋዊ ሳንባ ጠላት ነው» ብላ መንገዷን ቀጠለች። እሳቸውም ተከተሏት።

ዛሬ እትዬ አስካለ እንደ ሰው ጋደም ብለው ይተኛሉ። ድምፃቸው ተመልሷል፤ ለዓመታት የታፈነውም ወሬ አብሮ ወጥቷል። በቀደም ሞላሌ ገበያ አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ሆስፒታል ሳስታምም እንዴት እንዳንኮራፋሁ ለእኔው ለራሴ አጫወተችኝ። ምን ይደረጋል፣ ድምፃቸው ይመለስ ብዬ የተሳልኩት እኔው ነኝ።