ፔጆዋ ጌታዋን በሸራ የሸፈነች ቀን

ትናንት በቀትር፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ጥላ ጥላውን ይዛ ስታንቀላፋ፣ ጋሽ ደምሰው ሕልም አየ። የሌሊት ሕልምማ ማንም ያያል። የድሬ የቀትር ሕልም ግን ሌላ ነው፤ ግማሹን ሙቀቱ ራሱ ነው የሚያቦካው። ደግሞ “ጋሽ” ብዬ “አየ” ማለቴን ነውር እንዳታደርጉብኝ። በእኛ አገር አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ የምንወደውን ሰው አንተ ነው የምንለው።

ከሕልሙ በፊት የሆነውን ላስቀድም። ጋሽ ደምሰው ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። አንዲት ሰማያዊ ፔጆ 404 አለችው። ድሮ ይነዳት ነበር፤ እንዴት አድርጎ! ኋላ ከተማው በባጃጅ ሲሞላ አንዱ ባጃጅ ግራ በሯ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አሳረፈባት። አቦ፣ ጋሽ ደምሰው እዚያው መንገድ ላይ እንባው መጣ። ቀለም አስቀባት፣ የግቢው ጋራዥ ውስጥ አስገባት፣ ሸራ አለበሳት፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ይገልጣል፣ በጨርቅ ይወለውላታል፣ መልሶ ይሸፍናታል። መንዳት የሚባል ነገር የለም።

ትናንት ምሳ ላይ ሴት ልጁ ናርዶስ ነገሩን አነሳች። እሑድ ልታገባ ነው።

“አባባ፣ እኛን ሙሽሮቹን ፔጆዋ ትውሰደን።”

“አይሆንም። አበባ ሲለጥፉባት ቀለሟ ይላጣል። ሕፃናቱ በእጃቸው ይደበድቧታል። ዘመናዊ መኪና እከራይልሻለሁ፣ ረጅም፣ ነጭ።”

“ነጭ አልፈልግም! ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ሠርጌ ባሰብኩ ቁጥር ያለችው እሷ ናት።”

“እኔ ደግሞ ንጹሕ እንደሆነች ነው ላቆያት የምፈልገው።”

“ለማን?” አለችው ናርዶስ። ምግቧን ትታ ተነሳች።

ሚስቱ አስካለ “ሂድ ተኛ፤ መተኛትህ ነው የሚሻለው” ብቻ አለችው። ጋሽ ደምሰው ሽርጡን አጥብቆ ጋደም አለ። ልጁን አስከፍቷል። አንድ ልጅ እኮ ናት! ግን ደግሞ ጭረቱስ?

ዓይኑን ሲከድን ሸራ ሸራ ሸተተው።

ጋራዡ ውስጥ፣ ሁለት ብሎኬት ላይ ቆሟል። ብሎኬቱ የእግሩ ሶል እንዳያልቅ ነው። ፔጆዋ በኋላ ጎማዎቿ ቆማ፣ በፊት ጎማዋ ለስላሳ ጨርቅ ይዛ ራሰ በራውን ትወለውላለች። እያንጎራጎረችም ነበር።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አላት።

“አታውራ፤ ፊትህ ይጨማደዳል።”

“ወገቤን አመመኝ፤ ልውረድ።”

“ውረድና አፈር ንካ! እኔ ስንት የደከምኩብህ!” አለችና ጆሮውን በቤንዚን ጠረገችለት።

የጋራዡ በር ተከፈተ። ከጅጅጋ መንገድ የመጣ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር፤ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ጌታውን ጣሪያው ላይ ጭኖታል። ሰውየው ሸሚዙ ተቀዷል፣ ሁለት ጥርስ ጎድሎታል፣ እግሩን አንፈራጦ ሐብሐብ ይበላል።

“ይሄ ነው ያንቺው?” አለ ላንድሮቨሩ፣ ጋሽ ደምሰውን እየዞረ እያየ።

“አዎ። ጥርሱ ሳይቀር ኦሪጅናል ነው። ክፈት አፍህን፣ ያይህ።”

ጋሽ ደምሰው አፉን ከፈተ። አለመክፈት አልቻለም።

“ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?”

“ከአልጋው እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ አልጋው። ከዚያ ውጭ ንክችም አላደረግኩት።”

“ያሳዝናል” አለ ላንድሮቨሩ።

“የአንተው አይደለም የሚያሳዝነው? እየው ምን አስመስለኸዋል!”

“እኔ እጠቀምበታለሁ። ገበያ እልከዋለሁ፣ ለቅሶ እልከዋለሁ፣ ሲወድቅ አነሳዋለሁ። ተጫጭሯል፤ ግን ስማው፣ ይስቃል።”

ጣሪያው ላይ ያለው ሰውዬ እውነትም ይስቅ ነበር። የሐብሐብ ፍሬ በጋሽ ደምሰው ላይ ተፋ። ፔጆዋ ልትሞት ደረሰች። ፍሬውን አንድ በአንድ ለቀመችለትና ሸራውን እስከ አፍንጫው ድረስ አለበሰችው።

እንዲህ ሆነው ሳለ ከውጭ ከበሮ ተሰማ። እልልታ ተከተለ። ጋሽ ደምሰው ድምፁን ሲሰማ አወቀው።

“የናርዶስ ሠርግ ነው! ልሂድ!”

“የት?” አለች ፔጆዋ።

“ልጄ እኮ ናት የምታገባው! ልጨፍር!”

“በዚያ ጉልበት? ጉልበትህ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ያለው። ቢሰበር መለዋወጫውን ከየት ነው የማመጣው? ለሠርጉ ሌላ አባት እንከራያለን፤ ዘመናዊ፣ ረጅም።”

ይህን ጊዜ ጋሽ ደምሰው ሸራውን ገፍቶ ከብሎኬቱ ዘለለ። ሮጠ።

ከዚራ ከዚራን አይመስልም። ዛፎቹ ጥላቸውን እየተሸከሙ ወደ ሠርጉ ይሄዳሉ። መኪኖቹ የእግረኛው መንገድ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ዘይት በብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ሰልፉን ይዞ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ይርመሰመሳል። ሰዎቹ ሲታጠፉ ጆሯቸውን ብልጭ ድርግም ያደርጉታል። መስቀለኛው ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ፍየል ፊሽካዋን ነፋች።

“አንተ ባለ ሽርጥ! ቁም! ቦሎህ የታለ?”

“ቦሎ ለመኪና አይደለም እንዴ?”

“ድንቄም! ሰው ሳይመረመር መንገድ ይወጣል? ሳል እስቲ።”

ሳለ። ጢስ ወጣው። ፍየሏ የቅጣቱን ወረቀት ጻፈች፣ አነበበችለት፣ ከዚያ ራሷ በላችው።

“ወረቀቱ የለም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ነህ” አለችው።

ፍርድ ቤቱ እዚያው መንገዱ ዳር ነበር። ዳኛው ጥቁር ካባ የደረበ ባጃጅ ነው። ጋሽ ደምሰው ሲያየው ደነገጠ፤ ያ ፔጆዋን የጫረው ባጃጅ ነበር! ፔጆዋም እያለከለከች ደረሰችና ከጎኑ ቆመች።

“አንቺ፣” አላት ዳኛው፣ “ይህን ሰው ትወጂዋለሽ?”

“ነፍሴ ነው እንጂ!”

“ታዲያ ለምን አታወጪውም?”

“ስለምወደው ነዋ!”

ባጃጁ ሳቀ። ሲስቅ የላስቲክ በሩ ይርገበገባል፤ ችሎቱም አብሮ ሳቀ። ጋሽ ደምሰው ብቻ አልሳቀም። ነገሩ የገባው እሱ ነው።

“አንተስ?” አለው ዳኛው። “ከሸራው ሥር ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ? ከወጣህ ትጫራለህ፤ ዋስ አልሆንህም።”

ሳይመልስ ሠርገኛው ደረሰ። ናርዶስ ቬሎዋን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። ሚዜዎቿ ዓይኗን ተከትለው ወዲያ ወዲህ ያያሉ።

“አባባ የታለ?” አለች።

“ጋራዥ ነው” አሉ መኪኖቹ ባንድ አፍ። “ኦሪጅናል ስለሆነ አይወጣም።”

ናርዶስ አንገቷን ደፋች፤ መንገዷን ቀጠለች። ጋሽ ደምሰው እጁን አወዛወዘ፤ አላየችውም። ልጁ እየራቀች ነው። ከበሮውም እየራቀ ነው። ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባሰበና፣

“አለሁ! እዚህ አለሁ! ጫሩኝ! ኧረ በናታችሁ ጫሩኝ!” ብሎ ጮኸ።

ድምፁ ራሱን ቀሰቀሰው።

ላብ በላብ ሆኖ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ከተማው ጭጭ ብሏል። “ናርዶስ! ነይ፣ ፔጆዋ ትወስድሻለች! አስካለ!” ብሎ ተጣራ። የመለሰለት የለም። ባዶ እግሩን ወጣና እየሮጠ ጋራዥ ገባ። ዛሬውኑ ሊያወጣት ቆርጧል፤ ልጁ አትከፋ እንጂ ባጃጅ ሁሉ ተሰብስቦ ይጫራት። ሸራውን በአንድ እጁ ጨምድዶ ሳበው።

ከሸራው ሥር ሁለት በርሜል፣ አንድ የታጠፈ የብረት አልጋና የሳሎን ወንበሮች ተደርድረዋል። ፔጆ የለችም።

ጋሽ ደምሰው ራሱን ያዘ። “ሌባ!” ሊል አፉን ሲከፍት የግቢው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሰማያዊዋ ፔጆ በራሷ ጊዜ የምትንሸራተት ይመስል ያለ ድምፅ ገባች። መሪውን የያዘችው አስካለ ናት፣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከጎኗ ናርዶስ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ተቀምጣለች።

ቀድማ የተናገረችው አስካለ ናት።

“ምነው? ምን ቀሰቀሰህ በዚህ ሰዓት?”

“ከየት ነው የምትመጡት?”

“ከደንገጎ ተራራ። ነፋስ ተቀብለን።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?”

አስካለ መነጽሯን አወለቀች። መዋሸት አልፈለገችም።

“ሸራ ካለበስካት ጀምሮ። አንተም ተኝተህ፣ ድሬም ተኝታ፣ ማን ያየናል? ሞተር ሳይሠራ ከዋለ ይደርቃል፣ ደምሰው። ሰውም እንደዚያው ነው። እኔ መድረቅ አልፈለግኩም።”

ጋሽ ደምሰው ፔጆዋን ዞራት። ቀኝ የጭቃ መከላከያዋ ላይ ሦስት ረጃጅም ጭረቶች በሰማያዊ የጥፍር ቀለም ተደፍነዋል። ስንት ቅዳሜ ወልውሏቸዋል መሰላችሁ! በጣቱ ነካቸው፤ ይቆጣል ብለው ሲጠብቁት ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

“እሺ፣ እሑድ ትሄዳለች” አለ። “ሙሽሮቹን የምነዳው ግን እኔ ነኝ።”

“በምን መንጃ ፈቃድ?” አለችው አስካለ። “ያንተ እኮ ካለፈበት ቆየ! የእኔ ዘንድሮ ነው የታደሰው።”

“የሙሽራ እናት ሙሽራ ስትነዳ የት አገር ታይቷል?”

“እሑድ ድሬ ላይ ይታያል። ና፣ ግባ፣ ከተማው ሳይነቃ አንዴ እናዙርህ።”

ናርዶስ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችለት። ጋሽ ደምሰው በሽርጡ፣ በባዶ እግሩ፣ ደስታው ልቡን ሞልቶት ገብቶ ተቀመጠ። ልጁም ከጎኑ ገብታ ክንዱን ያዘችው። በሩን ሳብ አድርጎ ድው አደረገው።

“ኧረ ቀስ!” አስካለ ጮኸችበት። “በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ፤ አሮጊት ናት!”