ድሮ ስንት ዓመት ነው?

ሰው «ድሮ» ሲል ስንት ዓመት ማለቱ ነው? አትሳቅ ወዳጄ። እኔ በዚህች ቃል ምክንያት ከአንኮበር እንጦጦ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ።

ሚስቴ አስካለ የቤተ መንግሥት ጠጅ ጣይ ነበረች። ጌቶች ጓዛቸውን ነቅለው ወደ እንጦጦ ሲወጡ እሷም ከነጋኗ ተነሣች። እኔ አባቴ ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ቀረሁ። «እከተልሻለሁ» አልኳት። አባቴ በመስከረም ዐረፉ። ከዚያ ገብሱ ይታጨድ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ይከደን። ሰነፍ መች ምክንያት አጥቶ ያውቃል? እንዲህ እያልኩ ሁለት ክረምት አለፈ። ገበያው ጭር አለ፤ ቤቴም እንደዚያው። ስበላ እንኳ በልማድ ለሁለት ቆርሼ የእሷን ድርሻ ለውሻ እሰጥ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከእንጦጦ ሲመለስ ቤቴ አረፈ። አስካለን አግኝቷታል። ደህና ናት አለኝ። ስለ አገሯ ስታጫውተው «ድሮ አንኮበር ሳለሁ ባል ነበረኝ» ብላዋለች።

የያዝኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩት። ድሮ? በሁለት ክረምት?

ሲነጋ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የቃል ነገር የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። «ጥንት» የአዳም ዘመን ነው አሉኝ፤ «ቀድሞ» ደግሞ የአያቶቻችን።

«ድሮ ግን ልክ የለውም ልጄ፤ እንደ ተናጋሪው ነው። ለመሆኑ ማን ተናገረው?»

«ሚስቴ።»

ዳዊታቸውን አጠፉ። «ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ!»

ሄድኩ። በደብረ ብርሃን አልፌ በአምስተኛው ቀን ደረስኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ሌላ አግብታ ይሆን?

ጋን ስታጥብ አገኘኋት። አየችኝና እጇ ቆመ። እኔ ሞኙ ሰላምታ እንኳ ረስቼ፣ «ሁለት ዓመት እንዴት ድሮ ይባላል?» አልኳት።

«ለቀረው አይባል ይሆናል» አለችኝ። «በር በሩን ለምታይ ግን አንድ ክረምትም ድሮ ነው።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ አለቀሰች። እኔም ጋኑን ይዤ ቆምኩ፤ ሌላ የምይዘው አልነበረኝማ።

አልተመለስንም። ይኸው እንጦጦ ጎጆ ቀልሰን እንኖራለን። ከቆላው የሚወጣው የአንኮበር ጉም ይናፍቀኛል፤ የአባቴ መቃብርም። ግን ደርሼ ልምጣ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እንዴት ብሎ? እንጨት ልፈልጥ ከቤት ስወጣ እንኳ አስካለ ከኋላዬ ትጣራለች፦

«በየትኛው ክረምት ልጠብቅህ?»