የሰርቪሶቹ ጠብ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወሩ ኅዳር ነው፤ ለንደን ላይ ካፊያ ይጥላል፣ ይበርዳል። ሰው እንግዳ አገር ሲገባ የሚያሳስተው የማያውቀው ቃል ይመስለዋል። ውሸት ነው። የሚያሳስተው የሚያውቀው ቃል ነው።

አርችዌይ በሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ብርቄ ቤት ነኝ። እሷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ የምትሠራውም ከቤት ነው። አንድ ጠዋት ራሷን ይዛ፣ ሰርቪሶቹ አይነጋገሩም፣ አንዱ ሲጣራ ሌላው በር ይዘጋበታል ብላ አማረረች። እኛ አገር ሰርቪስ ማለት ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነው። ሾፌሮቹ ተጣልተዋል ብዬ ደመደምኩ። ጠብ ደግሞ ሙያዬ ነው፤ ስንት የድንበር ክርክር ጨርሻለሁ? ቃል የምቆጥብ ሰው ብሆንም፣ ጥሪያቸውና ላስታርቃቸው አልኳት።

እስኪበቃት ሳቀች። ሰርቪስ የምትለው ለካ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ዕቃ ያሳያል፣ አንዱ ዋጋ ይናገራል፣ አንዱ ያስረክባል፤ ተሰብስበው አንድ ሱቅ ይሆናሉ። ሱቁም ናሙና ነው፤ ቅንጣት ሸቀጥ የለበትም። በዚያ ላይ በቀጥታ አይነጋገሩም። ለእያንዳንዱ ከጎኑ የሚቆም ቃል አቀባይ ይሰጠዋል፤ የቃል አቀባዮቹ መረብ ሰርቪስ ሜሽ ይባላል። ያለ ቃል አቀባይ የመጣ አይሰማም። ለባዶ ሱቅ ይህ ሁሉ አጋፋሪ? ንጉሥስ ይህን ያህል ነበረው?

ለእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለደንበኞች ታሳያለች፤ ካማረላት የቡድን መሪነቱ የእሷ ነው። ስትፈትሽ፣ ዋጋ ነጋሪው የተነሣው መረቡ ከመዘርጋቱ በፊት ኖሮ ቃል አቀባይ አልደረሰውም። አጥፍታ አስነሣችው፤ ሱቁ ተከፈተ።

ወዲያው አለቃዋ ደወለ። ሥራሽ ግሩም ነው፣ ግን የእንግሊዝኛ አነጋገርሽ ለደንበኞቹ ስለሚከብድ ባልደረባሽ ይናገርልሽ፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ አላት። ስልኩን ዘግታ ያላትን ነገረችኝና፣ ምን ይደረጋል አባባ፣ ይሁን እንግዲህ አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ቢሆንም ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለፕሮግራሙ ቃል አቀባይ ስጪው፣ አልከለክልሽም፤ አንቺ ግን የራስሽ አፍ አለሽ፣ እንደ ሸክም ይዘሽው አትዙሪ አልኳት። እርስዎ የዚህን አገር አለቃ አያውቁትም አለች። አለቃ በየአገሩ አለ፣ ደውይ አልኳት።

ስልኩን መልሳ አነሣች። ከዚያ ደወለች፤ የሠራሁትን ራሴ እናገራለሁ አለችው። ተናገረችም። ሹመቱ ይምጣ ይቅር ገና አልታወቀም፤ አፏ ግን ተመልሷል።

በማግስቱ ለጉልበቴ የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። እስከ ዛሬ የምትናገርልኝ ብርቄ ነበረች። ትናንት እንደዚያ ፎክሬ ዛሬ እሷን አስከትዬ ልሂድ? ቅሪ አልኳት። ከእሷ የለቀምኳትን፣ ጉልበቴን አመመኝ የምትል እንግሊዝኛ፣ ‹ኒ ፔይን፣ ኒ ፔይን› እያልኩ በካፊያው ሄድኩ። ክሊኒኩ ደርሼ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩና ጮክ አድርጌ ተናገርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና አለች፤ የሐበሻ ልጅ ኖራለች። ጉልበትዎን ነው አባባ? ይቀመጡ እንጂ አለችኝ በጥሩ አማርኛ።

አልተቀመጥኩም። ጉልበቴ እየነደደ እንደ ቆምኩ፣ ‹ኒ ፔይን› አልኳት፣ ደግሜ።