ሐዘንተኛ እንዳልመስል

ፊትህ ላይ አንዲት ሽፍታ ትውጣብህ እንጂ አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። ጥርስህን ሲያምህ «አይዞህ» ብሎ የሚያልፍህ ጎረቤት፣ ጉንጭህ ቀልቶ ካየ ግን መድኃኒት ሳያዝልህ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ደግሞ «ይሄን እኔ አይቼዋለሁ» ነው የሚለው። የት አየህ? ማን ላይ? ሰውየው ዳነ ወይስ ሞተ? እሱን የሚነግርህ የለም።

የኔ ጉድ የመጣው በጢሜ ነው። የትዕግስት አባት ጋሽ ተሰማ የላክሁባቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ከመለሱ በኋላ፣ በሦስተኛው «እሺ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ልጁን ይዛችሁት ኑ፤ በዓይኔ ልየው» አሉ። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በሽተኛ ሲያዩ ኖረው ጤነኛ ሰው አለ ብለው ማመን የተሳናቸው። ከኔ በፊት የመጣውን ጠያቂ ሁለቴ ስላሳለ ብቻ አሰናብተውታል ይባላል። እኔ ደግሞ ትዕግስትን አራት ዓመት ጠብቄያታለሁ። እሷን ካጣሁ ሌላ አልፈልግም፤ ይኸው፣ ተናገርኩት።

እሑድ ጠዋት እናቴ አየችኝና ጮኸች። ይህን የሚያህል ጢም አንዠርግጌ ነው ልጅ ልጠይቅ የምሄደው? ማን ሞቶበት ነው አይሉም ወይ? እውነቷን ነው፤ በኛ ዘንድ ጢሙን የሚለቅ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ነው። ሸዋ በር ካለው ፀጉር ቤት ሄጄ ተላጨሁ። ፀጉር አስተካካዩ ቸኩሏል፣ እኔም ቸኩያለሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ? አምስት ሰዓት ሲሆን ጉንጬና አንገቴ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ያቃጥላል፣ ይበላል፣ ያብጣል።

እዚህ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዘጠኝ ሰዓት እየመጣበት ዝም የሚል ማን ነው? እናቴ ሎሚ ቀባችኝ። ጮኼ ሳልጨርስ ከጓሮ እሬት ቆርጣ መጣችና በላዩ ላይ ለቀለቀችኝ። ቃጠሎው ትንሽ በረድ አለ፤ ቅላቱ ግን ጭራሽ ባሰበት። ሰባት ሰዓት ሆነ።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደረሱ። አይተውኝ «ያ ረቢ!» አሉና አፋቸውን ያዙ። ወዲያው ቤታቸው ሄደው ቀሲል በጥብጠው መጡ፤ የኛ አገር ሴቶች ፊታቸውን የሚያሳምሩበት የቅጠል ዱቄት ነው። ለቅላቱ ብለው እርድ ጨምረውበታል። ወላሂ ሙሽራ ነው የሚያስመስልህ፣ ግን አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ታጠበው፣ ብለው አስጠነቀቁኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ በአሥር ደቂቃ የሚያድን ነገር አንድ ሰዓት ቢቆይ የበለጠ አያድንም? ደግሞ ቀዝቀዝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ጋደም አልኩ። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ታጠብኩ።

ቅላቱ ጠፍቷል። እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ሰለለ። መስታወት አመጣሁ። ከግንባሬ እስከ አንገቴ ቢጫ ነኝ! በሳሙና ፈተግኩት፣ በጨርቅ ገዘገዝኩት፣ ወይ ፍንክች። እርድ የነካው ነጠላ ስንት እጥበት እንደሚፈጅ ያጠበ ያውቀዋል። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ወደ ሆስፒታል ነው ወይ አለኝ። ምላስህ ይቆረጥ አልኩት፣ በልቤ።

ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በኩል ካለው ቤታቸው በር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተገናኘን፤ ጋሽ ተሰማ ተቀበሉን። ሽማግሌዎቹን እየሳቁ ሳሟቸው፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። የወፍ በሽታ! ሌላ ምን ሊያስቡ? መነጽራቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። ሽንትህ ምን ይመስላል አሉኝ፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት። እንደማንኛውም ሰው ነው አልኳቸው። ትዕግስት ከጓዳ በር ላይ ነጠላዋን ጨምድዳ ታየኛለች። አራት ዓመት በአንድ ጭብጥ እርድ ሊሄድ ነው።

የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳቡት። ዓይኔ ነጭ ነው፤ የወፍ በሽታ ቢሆን እሱም ቢጫ ይሆን ነበር። ሌላኛውንም ሳቡት፤ እሱም ነጭ። ግራ ገብቷቸው ጥጥ በአልኮል ነከሩና ጉንጬን ጠረጉት። ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት፣ ግን አልጮህኩም። ጥጡ ቢጫ ሆነ፤ አሸተቱት። ከሥሩ የምላጩ ቅላት ብቅ አለ።

ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው የተላጨኸው አሉኝ። ሐዘንተኛ እንዳልመስል ብዬ ነው አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ ጥጡን አስቀመጡና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ «ሰማችሁ? ሐዘንተኛ እንዳይመስል ብሎ ሟቹን መስሎ መጣ!»

ከጓዳ በመጀመሪያ የሳቀችው ትዕግስት ናት። ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ግን እስከ ሰርጉ ድረስ ምላጭ ላልነካ አስማሉኝ። ቃሌን ጠበቅኩ። ይኸው ዛሬ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰርግ ፎቶ ያያል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ «በሰርጋችሁ ሰሞን ማን ነበር የሞተባችሁ?» ይለኛል።