ተቀበል ያልነው ዕጩ

ሐኪም ለምርጫ ቢወዳደር ማንም አይከራከርም። ነጋዴ ቢወዳደርም ዝም ነው። ዘፋኝ እወዳደራለሁ ያለ ቀን ግን ሻይ ቤቱ ሁሉ ይናጣል።

ትናንት መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ለፓርላማ ሊወዳደር ነው የሚል ወሬ መጣ። ሰባት ሰው ነበርን። አራቱ አይገባውም አሉ። ሁለቱ ይገባዋል አሉ። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ሻዬን ጠጣሁ።

ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ሐሳቤ ከአንድ አሮጌ ኃጢአት ጋር ስለተቋጠረ ነው። ለእናንተ ብነግር ግን ምን ይመጣል? አታውቁኝም።

እኔ መቁጠር እወዳለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቁጥርም ፊደልም የተማርኩት ጆንያ ስሸከም ነው። ዛሬ የራሴ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ አመሌ ግን አልለቀቀኝም። ለቅሶ ቤት ስገባ ለቀስተኛ እቆጥራለሁ። ቅዳሴ ላይ ምእመኑን እቆጥራለሁ። ሚስቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ስትሞት መላእክቱን ቆጥረህ ጎደሉ ትላለህ" ትለኛለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ያው የዛሬው ግንባር በሥልጣን ላይ እያለ፣ ለወንበሩ ብዙ ሰው የተሻማበት ምርጫ ነበር። በዚያ ምርጫ ይመር በግሉ ተወዳደረ። ይመር ማለት የእኛ አገር አዝማሪ ነው። ማሲንቆውን ሲነካው ሽማግሌ ከዘራውን ጥሎ ይነሣል። ከማሻ በበቅሎ፣ ከደጎሎ በአይሱዙ ተጭነው መጥተው ለሠርግ ይወስዱታል። ዳሱ የክርስቲያን ይሁን የእስላም ለእሱ ያው ነው። በአንዱ "እግዜር ያክብርልኝ" ብሎ ይወጣል፣ በሌላው "አላህ ይጨምርላችሁ" ብሎ ይገባል።

አዝማሪ ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። ሹም ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ልኮ ነው። ያን ቀን ቤቱ ይጠረጋል፣ ልጁ ይታጠባል፣ ችግሩም ጓዳ ይደበቃል። አዝማሪ ግን ጓዳ ነው የሚበላው። የየትኛው ቤት ወንድ ዐረብ አገር እንደሄደ፣ የቱ ጎተራ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ጣሪያ እንደሌለው ያውቃል። ደግሞ አይረሳም። ማንበብ የማይችል ሰው መርሳት አያምርበትም።

የተወዳደረበት ምክንያት አንድ ነው፤ ድልድይ። ከእናቱ አገር ወደ ከተማው ስትመጡ አንድ ወንዝ አለ። በክረምት ይሞላል። የእህቱን ልጅ፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ቃሬዛ ላይ አድርገው መጡ። ሁለት ቀን ወንዙ ዳር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ለምን እንደተመለሱ አትጠይቁኝ።

ይመር የድጋፍ ፊርማ ሊያስፈርም መጀመሪያ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። "አያ ተሰማ" አለኝ፤ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስቀበል ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ የራሴን ቃል ልናገር።"

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በሠርግ ቤት ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው። ከተቀመጠበት "ተቀበል" ይላል፤ ስንኙን ይናገራል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ውዳሴም ቢሆን ይቀበላል፤ ስድብም ቢሆን፣ ያውም የራሱ ስድብ ቢሆን፣ ይቀበላል። አልቀበልም ያለ አዝማሪ በአገራችን አልተወለደም። አልቀበልም ማለት እኮ ባለግጥሙን በሰው ፊት በጥፊ መምታት ነው።

ፈረምኩለት። አንደኛ ፈራሚ እኔ ነኝ። ምልክቱ ማሲንቆ ሆነ። ታትሞ ሲመጣ ግን አካፋ መሰለ። ይመር አየት አድርጎ፣ "ደግ ነው፤ ድልድይ የሚሠራው በአካፋ ነው" አለ።

ተወዳዳሪው የግንባሩ ዕጩ ነበር፤ መምህር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። ሲናገር "በአንድ በኩል" ብሎ ይጀምራል፣ ሌላኛው በኩል ሳይመጣ ይመሻል።

ይመር ሕዝቡን የሰበሰበው በገበያ ቀን ነው። እንደዚያ ያለ ሰው በሜዳው ላይ ቆጥሬ አላውቅም፤ መቁጠሩንም መሐል ላይ ተውኩት። ማሲንቆውን ቤቱ ትቶ መጣ። ኮት ለብሷል። ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ወንዙ ጀመረ። አራት ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ቆጥሬያለሁ፤ አራት ነው።

አምስተኛውን ሲጀምር አንዱ ከኋላ፣ "ይመር፣ ማሲንቆህ ወዴት አለች?" አለው።

"ዛሬ አርፋለች" አለ።

"አንተስ? አፍህም አርፏል?" ሰው ሳቀ።

"እኔ ስለ ድልድይ ልናገር ነው የመጣሁት፣ ጀማዓው። ትንሽ ታገሡኝ።"

ከመምህሩ ወገን የሆነ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ወጣ። "ተቀበል" አለ።

ይመር ጎረምሳውን አየው። የራሱን ኮት አየ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "እሺ፣ በል" አለ። ምን ያድርግ?

በሬ እያለ ለእርሻ ፈረስ ማን ይጠምዳል፣
ለወንበርስ ዘፋኝ ከቶ ማን ይወዳል።

ይመር ተቀበለው። ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ አፉ። ጎረምሳው እንደ ፍየል የተናገረውን እሱ እንደ ማር አድርጎ መለሰው። የራሱን ስድብ እንዲያ አሳምሮ የዘፈነ ዕጩ በየትም አገር ያለ አይመስለኝም። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሮጦ ማሲንቆውን ከቤቱ አመጣለት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሁሉም ተቀበል ነው። ጎረቤቴ ሰይድ፣ ባለ ጨርቅ ሱቁ፣ ሳይቀር ሁለት ግጥም ሰጠ። ሃያ ሦስት ግጥም ተቀበለ። የራሱ ቃል አራት፣ የሰው ቃል ሃያ ሦስት። ሰዉ እየጨፈረ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰይድ በመንገድ ላይ፣ "ወላሂ ይሄ ልጅ አሸንፏል" አለኝ። እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ስለ ወንዙ ግን ሁለታችንም አላነሣንም።

የምርጫው ቀን በጠዋት ተነሥቼ ተሰለፍኩ። በሰልፉ ሠላሳ አራተኛ ነበርኩ። ወረቀቱን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። አካፋዋን አየኋት። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ከዚያ ያ የተረገመ አመሌ መጣ፤ ጣቶቼ መቁጠር ጀመሩ።

የመጨረሻ ልጄን በጥር እድራለሁ። ፓርላማው የሚከፈተው በመስከረም መጨረሻ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። አራት ወር። ይመር ከተመረጠ በጥር አዲስ አበባ ነው። የልጄን ሠርግ ማን ሊያደምቅልኝ ነው? መምህሩ? "በአንድ በኩል ሙሽራዋ" ብሎ?

ደግሞ አሰብኩ። ሰዉ ሁሉ ይመርጠው የለ? የእኔ አንድ ብትቀር ምን ይጎድላል? ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ጆንያ ጎደለች ብዬ እንቅልፍ ያጣሁ ሰውዬ፣ ያን ቀን አንድ ምንም አይደለም አልኩ። ፊርማዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ይበቃዋል። ሁለት ባላ ትከል ይሉ የለ? አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው። መምህሩ ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ውጤቱ በማግስቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ይመር ማንበብ አይችልም። በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"አያ ተሰማ፣ ስንት ይላል?"

አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። "አሥራ ሰባት" አልኩት።

"በዚህ ጣቢያ ብቻ?"

"በዚህ ጣቢያ። ሌላውም ጋ ከዚህ ብዙ አይሻልም አሉ።"

እንደሚናደድ ጠብቄ ነበር። "አሥራ ሰባት ሰው ሰምቶኛል ማለት ነው" አለ። "ገበያው ላይ እኮ አንድም ሰው የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።" ከዚያ እጄን ያዘኝ። "ከአሥራ ሰባቱ አንዱ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።"

ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ አሉ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳ አልበላሁም። ሰይድ መጣ። እሱም ፊቱ ጥሩ አይደለም። ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ጉዱን አወጣው። ሳዑዲ ያለችው ልጁ ለሠርጓ በበጋ ልትመጣ ነው። ስልክ ደውላ፣ ይመር ከሌለ ሠርጌን እዚሁ አደርገዋለሁ ብላዋለች። "ምን ላድርግ፣ አያ ተሰማ? ልጄን አራት ዓመት አላየኋትም" አለኝ። "አብሽር" አልኩት። የራሴን ግን አልነገርኩትም።

እሱ ሲሄድ ተቀምጬ ቆጠርኩ። በቀበሌያችን ልጆቹን ሁሉ ድሮ የጨረሰው ስንት ነው? ልጅ ያልወለደው ስንት ነው? ሊያገባ ያላሰበው ስንት ነው? አሥራ ሰባት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ለካ ገበያውን የሞላው ሰው ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ወር ሲቆጥር ነው የዋለው።

እና ዘፋኝ ይወዳደር አይወዳደር ብላችሁ አትድከሙ። ችሎታው አይደለም ነገሩ። እኛ የምንወደውን ሰው አንመርጥም፤ የምንመርጠው ቢሄድ የማይጎድለንን ነው። መምህሩ አዲስ አበባ ሄደ። መሄዱን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንዱ ተመልሶ መጣ ሲል ነው። ድልድዩ? ወንዙ ዛሬም በክረምት ይሞላል። እሱን ስሻገር ድንጋዮቹን መቁጠር ትቻለሁ።

ጥር መጣ። ልጄን ዳርኩ። ይመር እንደ ቃሉ ተገኘ። በዚያ ዓመት አንድ አዲስ አመል አውጥቶ ነበር። ማሲንቆውን ከመቃኘቱ በፊት ዳሱን ዞር ብሎ ያይና፣ "እስቲ እኔን የመረጠ እጁን ያውጣ" ይላል። በየሠርጉ እጅ እንደ ማሽላ ይበቅላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም ፈገግ ብሎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይልና ይጀምራል።

በእኔም ዳስ ጠየቀ። እጁ ሁሉ ወጣ። ያን ቀን ግን በዚያ አላበቃም። ወደ እኔ ዞረ።

"አያ ተሰማ፣ መቁጠር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ይቁጠሩልኝ።"

የሠርጉ ባለቤት ነኝ፤ እንዴት እንቢ እላለሁ? ተነሣሁ። በቀኝ ጣቴ እየጠቆምኩ ከሙሽራው ወገን ጀምሬ ቆጠርኩ። ሰይድን ቆጠርኩ፤ ዐይኑን መለሰ። ሚስቴን ቆጠርኩ። ጨረስኩ።

"መቶ አሥራ ሁለት" አልኩ።

"አንድ ጎደለ" አለ ይመር።

መቁጠር ተሳስቼ አላውቅም። "አልጎደለም" አልኩ ቆጣ ብዬ።

ይመር የማሲንቆውን ደጋን አንሥቶ ከራሴ በላይ ጠቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። የተሰቀለ እጅ ነው። ግራ እጄ ነው።

"መቶ አሥራ ሦስት" አልኩ።